እመት ጃርትና በአንበሳ ስም የወጣው ጥናት

ተረት ተረት ብያለሁ፣ ጆሮ ያለው ይስጠኝ!

እመት ጃርት ጥጆችን እያከሳ የሚገድለውን በሽታ ክረምቱን ሙሉ ስታጠና ከረመች። መንስኤው ከረግረጉ ውኃ ጋር የሚዋጥ አልቅት መሆኑን ስትደርስበት፣ ከጀርባዋ እሾህ ነቅላ ጥናቷን በእሱ ጻፈችና ለአራዊቱ መጽሔት አዘጋጅ ለጉጉት ወሰደችለት።

ጉጉት ገና ስሟን እንዳየ፣ "የታላቅ ስም የለበትማ! አያ አንበሶ ከፊት ይግቡበት" አላት።

"እሳቸው ጥጃ የሚያውቁት ሲበሉት ነው!" ብላ ጮኸችበት።

ጉጉት ግን ጭራሽ የእሷን ስም ፍቆ በአንበሳ ስም ብቻ አወጣው።

አራዊቱ አንበሳን ሊያወድሱ በተሰበሰቡ ዕለት፣ አንዲት ላም ከሲታ ጥጃዋን ይዛ ቀረበች።

"ጌታዬ፣ ልጄን የት ላጠጣው?"

ጥናቱን ያላነበበው አንበሳ፣ "ምን ያደክምሻል? ረግረጉ ቅርብሽ አይደል!" አላት።

ይኼኔ የጃርት ደም ፈላ። እሾኋን አቁማ የረግረጉን መንገድ ዘጋችና፣ "አልቅቱ ያለው እዚያ ነው! እኔን ሳትረግጪ አታልፊም፤ ወደ ምንጩ ውሰጂው!" አለቻት።

ላሟ አንዴ አንበሳን፣ አንዴ ጃርትን አየች። ከዚያ ጥጃዋን ወደ ምንጩ መለሰችው፤ ሌሎቹም ላሞች ተከተሏት። ሜዳው ላይ አንበሳና ጉጉት ብቻቸውን ቀሩ።

ተረቱ ለእናንተ፣ ዳቦው ለእኔ።