ቅቤ የጠጣችው ጠመንጃ

በአንድ ወቅት፣ ከርከሮ ከባለቤቱ ቀድሞ እሸት በሚቀምስበት ቆላ አገር፣ አያ ደረብ የሚባሉ ስመ ጥር አዳኝ ነበሩ። በእርጅና ዓይናቸው ፈዞ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር የሚያየው ነገር ባይኖርም ጆሯቸው ግን ገና ጎረምሳ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ከሚስታቸው ከወይዘሮ አንጓች ቀጥሎ የሚወዱት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውን ነው። ወይዘሮ አንጓች ግን «ቀጥሎ» የምትለዋን አያምኑባትም።

ታዲያ ይህችን ጠመንጃ አንድ ችግር ገጠማት። ከአፈሙዞቹ ሥር ያለው፣ ግራ እጅ የሚይዘው እንጨት ላላ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ጋር አጥብቆ የሚያቆያቸው እሱ ነውና፣ ጥይት ለማጉረስ በተከፈተች ቁጥር አፈሙዞቹ ተላቀው ዱብ ይላሉ። አምና አደን ላይ ከርከሮው ፊት ዱብ ብለው፣ አያ ደረብ የተረፉት ዛፍ ላይ ወጥተው ነው። እሳቸው ሲያወሩት የወጡት አሻግረው ለማየት ነው። ያውም በዚያ ዓይናቸው!

ዘንድሮ የመንደሩ ሰው የአደን ቀን ሲቆርጥ፣ አያ ደረብ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ።

«እኔ ከእንግዲህ አልተኩስም» አሉ። «ከሦስታችሁ ለእሷ የሚበጃት ይውሰዳት። አደኑ ሲያበቃ እሰጣለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዳት፤ እንደ በሬ በተራ አትጠመድም።»

ሦስቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያቺን ጠመንጃ ሲመኙ የኖሩ ናቸውና ምራቃቸውን ዋጡ።

ታላቁ ቢሻው ተቀብሎ አገላበጣት። እንጨቱን በጥፍሩ ቢጭረው እንደ አይብ ተፈረፈረ። አሸተተው። አባቱ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እንጨቱን በለጋ ቅቤ ሲያሹት ያውቃል፤ አናታቸውን የሚቀቡ ሰው ጠመንጃቸውንስ ለምን ይንፈጓት? ቅቤው ግን እያደር ሰርጎ እንጨቱን አበስብሶት፣ ብሎኖቹ የሚነክሱት አጥተዋል። ይህን የጠረጠረ ሞልቷል፤ ለአያ ደረብ ለመናገር የደፈረ ግን አልነበረም። ቢሻው ደፈረ። «አባቴ፣ ያበላሿት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ሆና ከተተኮሰች ሰው ታጠፋለች» አለና ጥይቶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። አያ ደረብ በንዴት ዱላቸውን አነሱ። «ውጣ ከቤቴ! ዓይንህን እንዳላየው!» አሉ፣ የማያይ ዓይናቸውን ረስተው። ቢሻው ወጣ፤ ጥይቶቹን ግን አልመለሰም።

መካከለኛው ፈንታ ደግሞ ጠመንጃዋን ተቀበለ። እንጨቱን ፈትቶ በሞቀ አመድ ቀበረው፤ አመዱ ቅቤውን ሲጠጣ በአዲስ እየቀየረ ደጋግሞ ቀበረው። የሰፉትን የብሎን ቀዳዳዎች በወይራ ችንካር ደፍኖ እንደገና በሳቸው። ያም ሆኖ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ስስ ክፍተት ቀረች። እሷን የሚሞላ፣ በደንብ የለፋ ቆዳ ያስፈልጋል። ፈንታ በዓለም ላይ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፤ ጠመንጃ ሳይኖረው ያሠራው ዝናር። ጎረምሶቹ «ምን ልትደረድርበት ነው፣ በቆሎ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። ያንን ዝናር ከመሃሉ ቆረጠው። ቆዳውን አስገብቶ ብሎኑን ሲያጠብቅ እንጨቱ ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። አያ ደረብ ጠመንጃዋን ነቀነቋትና ጆሯቸውን ደቀኑ። «ዝም አለች! ልጄ፣ ዝም አለች!» ብለው ጮኹ፤ እንባቸው መጣ።

የአደኑ ቀን ቀንድ ተነፋ፣ ውሻ ጮኸ፣ ባለጦሩ ሁሉ ወደ ጫካው ተመመ። አያ ደረብ ከማሽላው ዳር ጉብታ ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ማደን ጀመሩ። «ወደ ወንዙ ዞረ! ከፊቱ ቅደሙት! አይ እናንተ!» ትንሹ ጓንጉል ባዶዋን ጠመንጃ ይዞ ከጎናቸው ቆሟል። ሌላው ሰው «ፊቴን እወደዋለሁ» እያለ አልነካትም ብሏል፤ ፈንታ ራሱ እንኳ ትይዛለች ብሎ አልማለም ነበር።

በድንገት የማሽላው አገዳ ተሰባበረ።

«መጣ! ወደ አያ ደረብ መጣ!»

አያ ደረብ ከርከሮው ሲያናፋ ሰሙት። ዱላቸውን በዳበሳ ፈለጉ። ቢሻው ከጫካው ዳር እየሮጠ «ፈንታ፣ ትይዛለች?» ብሎ ጮኸ። «ትይዛለች!» አለ ፈንታ ከአዳኞቹ መሃል። ቢሻው ሁለት ጥይት ለጓንጉል ወረወረለት።

ጓንጉል ጠመንጃዋን ከፈታት፤ አፈሙዞቹ ዱብ አላሉም። አጎረሳት። ሮጦ ዛፍ መውጣት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በአባቱና በከርከሮው መካከል ገብቶ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደገፈ። ዷ! ከርከሮው ተንገዳግዶ እንደገና መጣ። ዷ! አንድ ከባድ ነገር አያ ደረብ እግር ሥር ሲወድቅ መሬቱ ተነቃነቀ። ከዚያማ እልልታው ቀለጠ!

«ድምጿ! ያው የጥንቱ ድምጿ!» አሉ አያ ደረብ፣ እንደ ሕፃን እየሳቁ። ጠመንጃዋን ተቀብለው ታቀፏት። ግራ እጃቸው እንጨቱን ያዘ፤ ገና ይሞቃል፣ ንቅንቅ አይልም።

«ፊቴን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል።

ፈንታ የተቆረጠ ዝናሩን አነሳ። «ያለዚህ ማን ይተኩሳት ነበር?»

«ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ቅቤ ትቀባ ነበር፤ የሚጠግናትም አይገኝም ነበር» አለ ቢሻው። ውጣ ከተባለ ወዲህ አልተመለሰምና ከሩቅ ቆሞ ነው የተናገረው።

አያ ደረብ አሰቡ። ቢሻው ይጠብቃታል፤ ግን ስጋቱ በዝቶ ድምጿን ያፍናት ይሆናል። ፈንታ ይጠግናታል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ተኩሶ አያውቅም። ጓንጉል ያስጮኻታል፤ ግን ነገ ብትላላ ልብ አይልም። የተባረረውን ቢያልፉት፣ ቁጣቸው ዕድሜ ልክ ሊሆንበት ነው። ለእሱ ቢሰጡት ደግሞ ሕይወታቸውን ያተረፈው ልጅ ምን ይላል? ዝናሩ የተቆረጠውስ?

ወይዘሮ አንጓች እልልታቸውን ገትተው ባላቸውን አዩ። አያ ደረብ ጠመንጃዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደፊት ዘረጉ። ስድስት እጆች እንደሚጠብቋቸው ያውቃሉ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጧታላችሁ፦ እውነቱን ለተናገረው፣ ዝናሩን ለቆረጠው፣ ወይስ ፊቱን ላስያዘው?