የአናጢው ቸኮል አግዳሚ

በአንድ ወቅት፣ ከቡሬ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር፣ አቶ ቸኮል የሚባሉ አናጢ ከባለቤታቸው ከእማማ ይታይሽ ጋር ይኖሩ ነበር። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሥራ ላይ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። አንድ በር አንድ ክረምት ይፈጅባቸዋል፤ ከተሠራ በኋላ ግን ያ በር የልጅ ልጅ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይኖራል። የአገሩ የሙሽራ ሳጥን፣ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት፣ የዳኛው ጠረጴዛ ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። በራሳቸው ቤት ግን ከጭቃ መደብና ከሁለት አሮጌ ዱካዎች በቀር መቀመጫ አልነበረም።

እማማ ይታይሽ ይህን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል። «ቸኮል፣ አገር ሁሉ ያንተ እንጨት ላይ ተቀምጦ እኛ ብቻ አፈር ላይ ቀረን» ይሏቸዋል።

«የእኛን እንጨት ገና አላገኘሁትም» ይላሉ አቶ ቸኮል።

እንጨቱ የተገኘው ሁለተኛ ልጃቸው ይበልጣል በሞተ በዓመቱ ነው። ይበልጣል ወባ ይዞት ሁለት ሳምንት ታሞ፣ ሚስቱን የሻረግንና ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጁን ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ጨዋታ የሚባል ነገር ጠፋ። በሰኔ ወር ኃይለኛ ነፋስ ከወንዙ ማዶ የነበረውን የቤተሰቡን ትልቅ ዋንዛ ነቅሎ ጣለው። አቶ ቸኮል ተሻግረው ሄዱና ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ድምፁን አዳመጡ። ከዚያ ቤት ተመልሰው ሚስታቸውን ጠሩ።

«ይታይሽ፣ ተገኘ። አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ፤ ሁላችንንም ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ረጅም። መደገፊያው ላይ ሐረግ አወጣበታለሁ። ዋንዛውን በመሮ እየቆፈርኩ ወይራና ቀንድ እሰካበታለሁ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጠል።»

«ለይበልጣልስ?» አሉ እማማ ይታይሽ።

አቶ ቸኮል መሮአቸውን አንስተው በድንጋይ መሳል ጀመሩ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ስሜነህ ገበሬ ነው። ቤቱ ከአባቱ ቤት አጠገብ ነው፤ አምስት ልጆች አሉት። ግንዱን ከጎረቤቶቹ ጋር ሰንጥቆ ስድስት ወፋፍራም ጣውላ ያወጣው እሱ ነው። ጣውላዎቹ እዚያው ማዶ፣ ዳስ ተሠርቶላቸው፣ እስኪደርቁ ተደርድረው ቆዩ። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ግን ወንዙ ማንም ሞልቶ አይቶት የማያውቀውን ያህል ሞላ። ዳሱን ከነምሰሶው አነሳው።

እማማ ይታይሽ ከዚህ ዳር ሆነው በዓይናቸው አይተዋል። ስሜነህ ወገቡን በገመድ አስሮ፣ የገመዱን ጫፍ ከሾላ ዛፍ ጋር ቋጥሮ ውኃው ውስጥ ገባ። አንዱን ጣውላ ገፍቶ አወጣ፤ ተመለሰ። ሁለተኛውን አወጣ፤ ተመለሰ፤ እንዲህ እያለ አምስት አወጣ። ስድስተኛው፣ ለመቀመጫው የታሰበው ትልቁ፣ ውኃው አዙሮ ከቋጥኝ ጋር አጋጨውና የስሜነህ እግር በሁለቱ መሐል ተያዘ።

«ልቀቀው! ልጄ፣ ልቀቀው!» እያሉ እናቱ ጮኹ።

ስሜነህ አልለቀቀም። ጣውላውን እንዳቀፈ ጎረቤቶቹ በገመዱ ጎትተው አወጡት። ወጌሻው የተሰበረውን አጥንት መልሶ አሰረለት፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። በዚያ ዓመት መሬቱን ያረሱለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከዚያ በኋላም ቀኑን ሙሉ ማረስ አልሆነለትም፤ እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹን ይፈታል።

እማማ ይታይሽ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «ለእንጨት ብለህ?» አሉት እያለቀሱ።

«ይበልጣል ከሞተ ወዲህ የአባዬ ፊት የሚፈታው ስለዚህ እንጨት ሲያወራ ብቻ ነው» አላቸው። «እሱን ውኃ ሲወስደው ቆሜ ልይ?»

እንጨቱ እንዲህ ዳነ። የአቶ ቸኮል ዓይን ግን አልዳነም። ሲደክም ቆይቶ፣ ጣውላው ደርቆ ለሥራ በደረሰበት ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አላይ አለ። ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ታይተው «ጊዜው አልፏል» ተባሉ። ተመልሰው ከጣውላዎቹ አጠገብ ተቀመጡና በእጃቸው ይዳብሷቸው ጀመር። እህል ሲቀርብላቸው ይበላሉ፤ ተመልሰው ይዳብሳሉ።

ሴት ልጃቸው ዝማም ቡሬ ከተማ አግብታ ትኖር ነበር። ለሦስት ቀን ልትጠይቃቸው መጥታ እንዲህ ሆነው አገኘቻቸው። ጥቂት አየቻቸውና ነጠላዋን ምሰሶው ላይ ሰቀለች።

«አባዬ፣ አንተ ንገረኝ፤ እኔ ልሥራ።»

«አንቺ? መጋዝ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንተስ ስትወለድ ታውቅ ነበር?»

አቶ ቸኮል ሳቁ። እማማ ይታይሽ ሳቁን ከጓዳ ሰምተው የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው ወጡ፤ ከማን አፍ እንደወጣ ለማየት።

ለሦስት ቀን የመጣችው ዝማም ዓመት ከአራት ወር ቆየች። አባቷ ጎኗ ተቀምጠው በጆሮአቸው ይከታተሏታል። «እንጨቱ ጮኸብሽ፤ ከጭረቱ በተቃራኒ ነው የላግሽው፣ አዙሪው» ይላሉ። መዳፋቸውን በጣውላው ላይ አንሸራትተው፣ ዓይን ያለው ሰው የማያያትን ጉብታ ያገኛሉ። እግሮቹና መቀመጫው ያለ አንድ ምስማር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ ተያያዙ። ሁለት ጊዜ ጠምሞባት ሁለት ጊዜ ፈታ ሠራችው። የእጇ መዳፍ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ በመጨረሻም እንደ አባቷ መዳፍ ደደረ።

ባሏ ሽማግሌ ላከ። ተመለሱ። ደግሞ ላከ። በሁለተኛው ጊዜ የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ «ወይ ትምጣ፣ ወይ ትቅር።»

«ልጄ፣ ሂጂ» አሏት እማማ ይታይሽ። «ወንበር ትዳር አይሆንሽም።»

«እማዬ፣ አሁን የአባዬ እጅ እኔ ነኝ» አለች ዝማም፣ መላጊያውን ከእጇ ሳታስቀምጥ። «እጁን ይዤበት ልሂድ?»

ባሏ በዚያው በጋ ሌላ ሴት አገባ። ዝማም ወሬውን በሰማች በማግስቱ የመደገፊያውን ጣውላ መላግ ጀመረች።

አግዳሚው በእግሩ ቆመ። መደገፊያው ግን እንደተላገ ባዶውን ነበር፤ ሐረጉ የለም፣ ቅጠሉ የለም። አቶ ቸኮል በየካቲት ታመሙ። ዝማም ሐረጉ እንዴት እንደሆነ እንዲነግሯት ብትለምናቸው አፋቸውን ይከፍቱና፣ ይበልጣል ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሚስታቸውን ወደ ራሳቸው አስጠግተው ተናገሩ።

«ይታይሽ፣ ወንበሩ እንዳይከፈል። ከሦስቱ ቤት ወደ አንዱ ይሂድ። ያ ቤት የሁላችንም ቤት ይሁን፤ በዓል ሲመጣ ሁሉም እዚያ ይሰብሰብ። አንቺም ብቻሽን እንዳትኖሪ፤ ወንበሩ ያለበት ቤት ኑሪ። ለማን እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሦስቱ ቤት ሲሉ የስሜነህን፣ የዝማምንና የየሻረግን ማለታቸው ነበር፤ የልጃቸውን ሚስት ከልጆቻቸው ለይተው አያውቁም።

የሻረግ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ተመልሳ ነበር። ለአቶ ቸኮል አርባ መጣች። ለቀስተኛው ሲበተን ባዶው መደገፊያ ፊት ቆማ እማማ ይታይሽ አገኟት። በጣቷ አየር ላይ አንድ ነገር ትስላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማማ፣ እኔ ሐረጉን አውቀዋለሁ» አለች። «አባባ ዓይናቸው ሳይጠፋ እኛ አገር ድረስ መጥተው ነበር። አመድ በትነው በጣታቸው ሳሉልኝ። የእናንተን ሥር፣ የስሜነህን ቅጠል፣ የዝማምን ቅጠል አሳዩኝ። ከዚያ ‹የልጄን ቅጠል የት ላድርገው? ልተወው ወይስ ላኑረው?› ብለው ጠየቁኝ።»

እማማ ይታይሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከሦስት ዓመት በላይ ለእሳቸው ያልተመለሰላቸው ጥያቄ ነበር።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«‹እንዳይተዉት። ከሁሉም ቅጠል መሐል ያድርጉት፤ ከሱ ሥር ደግሞ አንድ እንቡጥ ያውጡ› አልኳቸው። እንቡጡ ልጄ ናት።»

የሻረግ ወደ ወላጆቿ ሄዳ በሳምንቱ ተመለሰች። በቀኝ እጇ የይበልጣልን እርፍ ይዛለች፤ ሲያርስ እጁ ያለሰለሰው የወይራ እርፍ ነው። በግራዋ የይበልጣልን የቀንድ ዋንጫ ይዛለች። ከባሏ የቀራት ንብረት ይኸው ነበር፤ ለልጇ ያስቀመጠችላትም ይኸው ነበር።

ዝማም ዕቃዎቹን ስታይ «አይሆንም፤ ሌላ ወይራ፣ ሌላ ቀንድ እንፈልጋለን» አለች።

«ሌላው ወይራ እሱን አያውቀውም» አለች የሻረግ። መጋዙን ተቀብላ እርፉን ራሷ ቆረጠችው። ከዚያ ዋንጫውን ሰነጠቀች። መጋዙን ስታስቀምጥ ነው ያለቀሰችው።

ዝማም መሮ አያያዝ አሳየቻት፤ ከዚያ በላይ ልትረዳት አልቻለችም፤ ሐረጉ በየሻረግ ራስ ውስጥ ብቻ ነበርና። የሻረግ አምስት ወር ሠራች። ሐረጉ ከወይራ ወጣ፤ ቅጠሎቹ ከጥቁር ቀንድ ወጡ። የይበልጣል ቅጠል መሐል ላይ ሆነ፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ እንቡጥ። ቅባት ተቀብቶ ሲያልቅ እማማ ይታይሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ከሥሩ እስከ ጫፉ አስኬዱት። አንድም ቦታ ጥፍራቸውን አልያዘውም።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ አግዳሚው ከቤት ወጥቶ በደጁ ካለው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሦስቱም የሚሉትን እንዲሉ ተጠየቁ።

ስሜነህ በበትሩ ተደግፎ ተነሣ። «እኔ ባልገባ ኖሮ ይሄ እንጨት ዛሬ የት እንደደረሰ አናውቅም ነበር። ቤቴ እዚሁ ነው፤ የአባዬ መቃብርም እዚሁ ነው። እማዬ ከለመደችው ደጅ ሳትርቅ፣ አምስት የልጅ ልጅ እየከበባት ትኖራለች። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ዝማም ተቀምጣ ነበር የተናገረችው። «ስሜነህ ጣውላ አዳነ፤ እውነት ነው። ጣውላ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። ትዳሬን የሰጠሁት ለዚህ ነው። ቡሬ አንድ ክፍል ተከራይቼ በር እየሠራሁ ነው። ልጅ የለኝም፣ ባል የለኝም። ያለኝ ይሄ ወንበርና እማዬ ናቸው።»

የሻረግ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «እኔ ከዚህ ቤት አልተወለድኩም» አለች። «የሰጠሁትም እግር አይደለም፣ ትዳርም አይደለም፤ ሁለት ዕቃ ነው። ግን ሌላ አልነበረኝም። ልጄ የአባቷን መልክ አታስታውስም። እዚህ ሐረግ ላይ ነው የምታገኘው። አገሬ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እማማ ቢመጡልኝ በጀርባዬም ቢሆን እወስዳቸዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንደኛው «እንጨቱ ባይኖር ምን ይሠራ ነበር?» አሉ። ሌላው «ታዲያ ዛፉን የጣለው ነፋስም ድርሻ ይጠይቅ?» ብለው መለሱ። ሦስተኛው «ጌጥ ባይኖረውም መቀመጫ ነው፤ ሐረጉ የመጨረሻ ነገር ነው» ሲሉ፣ አጠገባቸው የነበሩት «ቸኮል ወንበር መሥራት አቅቶት አይደለም አርባ ዓመት የቆየው፤ የፈለገው ሐረጉን ነው» አሉ። ጥላው ከግራሩ ግራ ወደ ቀኝ ዞረ፤ እነሱ ግን አልተስማሙም።

በመጨረሻም ሁሉም ወደ እማማ ይታይሽ ዞሩ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ያጠረውን እግር አዩ፤ የደደረውን መዳፍ አዩ፤ ከልጇ በቀር ምንም ያልያዘውን እጅ አዩ። ሦስቱንም ይወዷቸዋል፤ ከሦስቱ የአንዱ ቤት ሲመረጥ የሁለቱ ልብ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ።

«ቸኮል ‹ታውቂያለሽ› ብሎኝ ሄደ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን አላውቅም። እስኪ እናንተ ንገሩኝ።»

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፤ በእማማ ይታይሽ ቦታ ብትሆኑ አግዳሚውም እናቲቱም ወደ ማን ቤት ይሂዱ ትሉ ነበር? እንጨቱን ከወንዝ ወዳወጣው? እንጨቱን ወንበር ወዳደረገችው? ወይስ በወንበሩ ላይ የሞተውን ከሕያዋን ጋር ወዳስቀመጠችው?