ባለቤት ያለው ባዶ ቀፎ

ጌጡ የሚባል ልብስ ሰፊ፥ «እማሆይ፥ ፊደል ልቁጠር ካልሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ጊዜ ከየት ላምጣ?» ብሎ ጠየቃቸው። እማሆይ አጸደ ማርያም የደብሩን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩ መነኩሲት ናቸው፤ ምላሳቸው ስለት ነው። ተቀመጥ አሉትና እንዲህ ብለው ነገሩት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ሰነፍ እንዳይመስልህ፤ ዶሮ ሳይጮህ የሚነሣ፥ ጎረቤት ሲጠራው እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። አባቱ በጉብዝናው ዘመን የታወቀ ንብ አርቢ ነበረ። ኋላ ግን ሸመገለ፥ ዓይኑም ጠፋ፤ ንቦቹም ከኮበለሉ ቆዩ። ሽማግሌው ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሳልሞት የንብ ድምፅ ከጓሮዬ ልስማ ይል ነበር።

ልጁም አባቱን ይወዳል። በነሐሴ ቀፎ ሠራ፤ በእበት ለቀለቀው፤ በወይራ አጠነው፤ ከጓሮው ግራር ላይ ሰቀለው። መስከረም ሲጠባ መንጋ ያልፋል፥ ገብቶም ይሰፍራል ብሎ ደስ አለው።

ታዲያ ባዶ ቀፎ ተሰቅሎ ሲታይ ያስቆጫል። ሚስቱ አየችውና፥ አይጥ የማይደርስበት ቦታ ይኸውልህ ብላ የሽምብራ ዘሯን ከተተችበት። ንቡ እስኪመጣ ነው አለችው። እውነቷን ነው፤ አይጥ አይደርስበትም። ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም መጣ፤ የእርሻ ጠፍሩን ውሻ እየበላበት ተቸግሮ ነበርና እሱንም አስገባ። ጎረቤቱ ማጭዱን ጨመረ። ገበሬው ራሱም የተረፈውን ገመድ ወሸቀበት። አንዱም እኮ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ያወጣው ነበር።

በመስከረም አጋማሽ፥ ገበሬው አረም ላይ ሳለ መንጋው መጣ። ጥቂት ንቦች ቀድመው ከቀፎው አፍ ደረሱ፤ ገቡ፥ ወጡ፥ ዞሩ። ወዲያው መንጋው ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ። ገበሬው እየሮጠ ሲደርስ አባቱን ከደጅ ቆሞ አገኘው፤ ፊቱ በርቷል።

«መጡ፤ ሰማኋቸው። ገቡልህ?» አለው።

ሽማግሌው የልጁ ዝምታ ገባውና፥ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ቤት ተመለሰ። ያን ጊዜ ገበሬው አለቀሰ።

በማግሥቱ ቀፎውን አውርዶ ገለበጠው፤ ለሁሉም ዕቃውን መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፥ ወደ እርሻ ሳይወርድ፥ ሸረሪቱን ይጠርጋል፥ ያጥነዋል። ዝናብ ቢሆንም ሐሙስን አያልፋትም። ሚስቱ ዘሯን ይዛ ስትመጣ፥ «ባለቤት አለው» አላት። የታለ ብላ ሳቀችበት። ጎረቤቱም ባዶ ቀፎ የሚጠብቅ ሰው አየን እያለ ዓመቱን ሙሉ ተዘባበተበት። እሱ ግን ሐሙስ ሲደርስ መጥረጊያውን ይዞ ይወጣል።

ዓመት ዞረ፤ መንጋው መጣ፤ ገባ። ገበሬው አባቱን እጁን ይዞ አወጣና ከግራሩ ፈንጠር አድርጎ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ። ልጁ ሊያወራው ቢጀምር፥ «ዝም በል፤ ልስማበት» አለው። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ፤ ጠዋት ጠዋት መቀመጫው እዚያው ነበር።

አንተም ጌጡ፥ ጊዜ አጣሁ አትበለኝ። ጊዜ በየቀኑ በደጅህ ያልፋል፤ ቀፎህን ያየዋል፤ የሰው ቀሚስ፥ የሰው ሱሪ፥ የሰው ወሬ ሞልቶት ያገኘውና ይሄዳል። ሥራህን ተው አላልሁህም፤ ቀሚሱም ይሰፋ፥ ሱሪውም ይጥበብ። ግን ሱቅህን ሳትከፍት በፊት ያለችውን አንዲት ሰዓት ጥረግና ባዶዋን ስቀላት። ሰው ጨርቁን ይዞ ሲመጣባት ባለቤት አላት በለው። መጀመሪያ ይስቅብሃል፤ ይሳቅ። ኋላ ትለምዳታለህ፤ ሰውም ይለምዳታል።

በል ነገ ጠዋት ና። ለእማሆይ ብለህ ምንም እንዳትይዝ፤ ባዶ እጅህን ና።