የአልጋው ሌላኛው ጫፍ

አንድ አለቃ የሌለው መንደር ነበረ። የመንደሩ ሰዎች ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ጨካኝ ጭቃ ሹም አባረው፣ «ከእንግዲህ ማንም ማንንም አያዝም» ብለው ተማማሉ። መሐላቸውንም ጠበቁ። ቤት የሚሠራ ሰው ራሱ ጉድጓዱን መቆፈር ይጀምራል፤ ያየው ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ የምሰሶውን ጫፍ ያነሳል። ምንጭ ሊጠርግ የፈለገ ቀድሞ ይገባል፤ የወደደ ይከተለዋል። ያልወደደ ቤቱ ይተኛል፣ በማግስቱ ግን ሰው ፊት ሲወጣ ያፍራል። ሕጋቸው ይኸው እፍረት ብቻ ነበር፤ እንደ እኔ ከሆነ ከብዙ ሹም ይሻላል።

በዚህ መንደር ይርዳው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። መንደሩን እንደ እሱ የሚወድ አልነበረም። እያንዳንዱን ዛፍ ማን እንደተከለው ያውቃል፤ የመንደሩን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፍቅሩ ግን ቀስ በቀስ አጥር ማጠር ጀመረ።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና ምንጩ ሳሳ። ይርዳው ሰዉን ምንጩ አጠገብ ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«በላያችን ጌታ አይኑር ብለናል፤ ደግ አደረግን። አሁን ደግሞ በመካከላችን ባዕድ አይኑር እንበል። ውኃው የአባቶቻችን ነው። እንጉዳይ ከወንዝ ማዶ የመጣች ናት፤ ወደ አገሯ ትመለስ።»

እንጉዳይ ሸክላ ሠሪ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ባሏ ሲሞትባት ሴት ልጇን አዝላ ወደ መንደሩ መጣች። ከወንዙ ማዶ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ጥም ያስፈራልና ብዙዎቹ «እውነቱን ነው» አሉ።

አባ ጎሹ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ጠየቁ።

«ማን ነው የሚያስወጣት?»

«እኛ ነና፣ አባ ጎሹ።»

«እኔ አላስወጣም። ስለዚህ ‹እኛ› ከምትለው ላይ አንድ ሰው ቀንስ።»

ሰዉ ሳቀ። ይርዳው ግን አልሳቀም።

«እሺ፣ የሚያስወጡ ሦስት ጎበዞች እንምረጥ።»

«እምቢ ብትላቸውስ?»

«በትር ይይዛሉ።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ባዕድ እንዳይገባ ወንዙን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ባዕዱን ከዘመዱ የሚለይም ያስፈልጋል። የእኔ ቅድመ አያት ከማዶ ነበረች ይባላል፤ እኔም ተለይቼ እወጣ ይሆናል። ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ በትሩን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

ይርዳው ግን እልኸኛ ስለሆነ አልተወውም። «በትርም ሹምም አያስፈልግም። የፈለገ ራሱ ይጀምር አይደል ወጋችን? እኔ በገዛ እጄ እጀምራለሁ፤ የወደደ ይከተለኝ» ብሎ ወደ እንጉዳይ ቤት አመራ። ሰዉም ከኋላው ተግተለተለ፤ አብዛኛው ለማገዝ ሳይሆን የነገሩን መጨረሻ ለማየት ነበር።

እንጉዳይ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። አልጮኸችም። ልጇን ይዛ ወደ ውስጥ ገባችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ይርዳው እንስራውን አወጣ፣ ምጣዱን አወጣ፣ ቁርበቱን አወጣ። ደጅ የቆመው ሰው ያያል እንጂ እጁን የዘረጋ የለም። በመጨረሻ አልጋው ቀረ። ከባድ የወይራ አልጋ ነው፤ እሷ የመጣች ዓመት ጎረቤቶቿ ጠርበው፣ ጠፍር ወጥረው የሰጧት ነው። ይርዳው አንዱን ጫፍ አንስቶ ወደ ደጅ ሲጎትተው በሩ ላይ ተቀረቀረ። ቢታገል ቢታገል አልነቃነቅ አለው፤ ላብ አጠመቀው። ዞር ብሎ ሰዉን አየ። «ኑ፣ አንሱ» እንዳይል ማዘዝ ነውር ነው። ሰዉም መሬት መሬቱን ያያል።

ያን ጊዜ እንጉዳይ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የአልጋውን ሌላኛውን ጫፍ ከውስጥ አነሳችለት።

«ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ አያ ይርዳው። ሲገባም እንደዚያ ነው የገባው።»

ይርዳው ደነገጠ። «ምን ማድረግሽ ነው? አንቺን እኮ ነው የማስወጣው!»

«አውቃለሁ። ግን ብቻህን ስትሸከም ቆሜ ማየት አቃተኝ። ይህን ደግሞ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ይርዳው አልጋውን እዚያው በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ ከባዕድ ልጠብቀው ያለው የመንደሩ ወግ፣ ደጅ ቆመው ከሚያዩት የሰባት ቤት ዘመዶቹ አምልጦ በዚህች ሴት እጅ ላይ ነበር።

ከሰዉ መሀል አንዲት ሴት ወጣችና እንስራውን አንስታ ወደ ቤት መለሰችው። ሌላው ቁርበቱን አነሳ። «መልሱ» ብሎ ያዘዛቸው የለም። አልጋውን ይርዳውና እንጉዳይ መልሰው አስገቡት፤ አባ ጎሹም ላግዝ ብለው መሀል ገብተው ነበር፣ መንገድ ከመዝጋት በቀር የረዱት ነገር ግን የለም።

ተአምር አላወራላችሁም፤ ምንጩ አልጨመረም። እስኪዘንብ ድረስ ሁሉም ቤት ከድርሻው ቀንሶ ጠጣ። ይርዳውም መንደሩን መውደዱን አልተወም፤ ከዚያ ወዲያ ዘር ሲቆጥር ግን እንጉዳይንና ልጇን ይጨምራል።

ወገንን መውደድና አለቃ አልፈልግም ማለት አብረው ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ወገን ማለት አጥር ከሆነ አይኖሩም። አጥር ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂ በትር ይይዛል፤ በትር የያዘ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ጌታ መሆኑ አይቀርም። ወገን ማለት ሳይታዘዝ የሚያግዝ ሰው ከሆነ ግን አብረው መኖር ይችላሉ፤ ያኔ ወገን በደም አይለይም። እስቲ እናንተም አስታውሱ፤ ሸክም በከበዳችሁ ቀን መጥቶ ያገዛችሁን ሰው፣ መጀመሪያ ዘሩን ጠይቃችሁት ነበር?