እመት አህያ ያልጨረሰችው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገደላማ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ በሩፋኤል ቀን፣ ወንዝ ዳር የሚገናኙበት ልማድ ነበራቸው። የዚያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና ትልቁም ትንሹም ይጠመቅበታል። ጥርስ ያለው ጥርሱን፣ ጥፍር ያለው ጥፍሩን ሰብስቦ ይውላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራው አንበሳ ፊት ቆሞ፣ ዓምና የገባውን ቃል መፈጸም አለመፈጸሙን ይናገራል። ለመጪው ዓመትም አዲስ ቃል ይገባል።

ቃሉን የፈጸመ ዓመቱን ሙሉ በአንበሳ ጥላ ሥር ይኖራል፤ ማንም አይነካውም። ያልፈጸመ ግን የዚያን ዕለት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጠባቂ የለውም። ሕጉን ያወጣው የአንበሳው አያት ነው፤ ሰነፍ ቢበዛበት ነው አሉ። ይህ ሕግ ለነብር ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለአህያ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ሰምታችሁ የለ? ባሏ የማያስጥላትን እመት አህያን የሚያስጥላት ያ ሕግ ብቻ ነበር።

ታዲያ በአንዱ ጳጉሜ ቃል ለመግባት መጀመሪያ የተነሣው ቀበሮ ነው።

«በመጪው ዓመት» አለ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ «አንዲት ዘለላ ሣር በአፌ አትገባም። ስለ ነፍሴ ብዬ ትቻታለሁ!»

«ወይ ጽድቅ! ወይ መጨከን!» አሉ በጎቹ። ለእነሱ ከሣር መለየት ማለት ከነፍስ መለየት ነዋ!

አያ ጅቦም ላለማነስ ብሎ ተነሣ። «እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ። ጀምበር እስክትጠልቅ ምንም አልቀምስም!» አለ። ጀምበር ሳትጠልቅ መቼ ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደሚያውቅ የጠየቀው የለም።

ተራው የእመት አህያ ሆነ። እሷ ያሰበችው ቃል ትንሽ ነበር። በዚያ አገር በጋ ሲገባ ወንዙ ይደርቅና ውኃ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ካለው ምንጭ ብቻ ይሆናል። ወደዚያ መውጫው ደግሞ ቀጋና አጋም የሞላበት ድንጋያማ ዳገት ነው። በዚያው ዓመት በጋ አንዲት አሮጊት በግ መውጣት አቅቷት፣ ምንጩን ቀና ብላ እያየች በውኃ ጥም ሞታለች። እመት አህያ አጠገቧ ነበረች፤ ያ ያየችው ነገር እስከዚያን ዕለት ከልቧ አልወጣም ነበር። ስለዚህ «ለደከመ ሁሉ ጀርባዬን አልነፍግም» ልትል ነው የተነሣችው።

ቀበሮ ግን ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለ።

«እመት አህያ፣ ጌታን በሆሳዕና የተሸከመችው እኮ ያንቺ ዘር ናት። ጀርባሽ ላይ የመስቀል ምልክት ይዘሽ ትንሽ ቃል ብትገቢ ያምርብሻል?»

አህያ ልቧ ሞቅ አለ። ጆሮዋን አቁማ፣ «እስከ መጪው ጳጉሜ ከዚህ ወንዝ እስከ ምንጩ ድረስ የተጠረገ መንገድ አወጣለሁ!» አለች።

ሸለቆው በእልልታ ተናጋ። ከእልልታው መሀል አሮጊቷ ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ‹እግዚአብሔር ቢፈቅድ› በይ እንጂ።»

«እሱማ ይፈቅዳል እንጂ፣ እማማ ኤሊ! ለደግ ሥራ ምን ብሎ ይከለክላል?» አለች አህያ፤ እልልታው ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ኤሊም አንገቷን መልሳ አስገባች።

ቀበሮም ጅብን ወደ ዳር ወሰደው።

«አያ ጅቦ፣ ምሳህን አዘጋጅቼልሃለሁ።»

«የታለ?» አለ ጅብ ዙሪያውን እያየ።

«ለመጪው ጳጉሜ ነው።»

«መጪው ጳጉሜ ነገ ነው?»

«አይ አንተ! ስማኝ። ይህች አህያ የሚያለቅስ አይታ ማለፍ አትችልም። እኔ የተቸገረውን ሁሉ እየፈለግሁ ወደ እሷ እልካለሁ። እሷም እሱን ስትሸከም መንገዱ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል። ያን ጊዜ አንበሳ እጁን ይሰበስባል።»

«ጆሮዋ የኔ ነው!»

«ጆሮዋም ጭኗም ያንተ። ለእኔ ጉበቷ ይበቃኛል።»

መስከረም ጠባ። እመት አህያ አደይ አበባ ልይ፣ መስክ ልቦርቅ ሳትል ሥራዋን ጀመረች። ቀጋውን በጥርሷ ትነቅላለች፣ ድንጋዩን በግንባሯ ትገፋለች፣ አፈሩን በኮቴዋ ትደለድላለች። መንገዱ ከወንዙ ተነሥቶ እንደ ቦይ ጎድጎድ ብሎ ወደ ዳገቱ መውጣት ያዘ። ምነው ሥራ ሁሉ እንደ ጅማሬው በሆነ!

ከመስቀል በኋላ አንዲት በግ እያነከሰች መጣች። «ቀበሮ ነው የላከኝ። ‹እመት አህያ ደግ ናት› አለኝ።» አህያ በጓን ተሸክማ ከመንጋዋ አደረሰቻት። በሌላ ቀን ጃርት ጉድጓዱ ተንዶበት መጣ፤ ሲቆፍር አፈሩን ስትዝቅለት ዋለች። ለጥምቀት ቆቅ ጫጩቶቿን ይዛ መጣች፤ በጋው በርትቶ ውኃ ሲጠፋ ደግሞ አሮጊቶቹ በጎች። እነሱን አንድ በአንድ እያዘለች፣ በእሾሁ መሀል እየተቧጨረች ምንጭ አደረሰቻቸው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ቀበሮ ነው የላከን፣ ተባረክ ብለነዋል።»

እሷም የመጣውን ሁሉ «እሺ» ትላለች። ሲመሽ ግን ዞር ብላ መንገዷን ታየዋለች። ጠዋት የተወችው ቦታ ላይ ነው። ጓደኞቿ ቃላቸውን ሲፈጽሙ ታያለች፤ ጉሬዛዋ ልጆቿን መዝለል አስተምራ ጨርሳለች፣ ወፏ ጎጆዋን ሠርታለች። እሷ ብቻ ወደ ኋላ የቀረች መሰላት። አፈረች፤ ፈራችም። የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲል አንድ ቀን ከዳገቱ ሥር ቆማ ከልቧ አለቀሰች።

«ጌታዬ፣ ቃሌን እንድፈጽም አትፈልግም እንዴ? ለሥራ ስነሣ አንዱን ችግረኛ ትልክብኛለህ። እምቢ ብል አንተን እፈራለሁ። እሺ ብል ጅብ ይበላኛል። ምን ሁኚ ነው የምትለኝ?»

ከሰማይ መልስ አልመጣም። ኤሊ ግን በዚያ ታልፍ ነበር።

«ምነው ልጄ?»

«ዓመቱ ከተጋመሰ ቆየ እማማ፣ ምንም አልሠራሁም።»

«ምንም?»

«ያው… የሰው ጣጣ ስሸከም ነው የከረምኩት እንጂ ምን ሠራሁ?»

ኤሊ ወደ ዳገቱ ቀና አለች። «አንቺ የምታይው መንገዱን ብቻ ነው። እሱ ምን ምን እንደሚያይ በምን አውቀሽ? በይ እንባሽን ጥረጊና ወደ ሥራሽ ሂጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አህያ ክረምቱን በርትታ ሠራች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መንገዱ ኮረብታው ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ከምንጩ የለየው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ብቻ ነበር። ከቋጥኙ ኋላ ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማታል። ግንባሯን አስደግፋ ረፋዱን ሁሉ ገፋችው። ነቅነቅ አለ። ደግማ ገፋችው፤ ሥሩ ያለው አፈር ተሰነጠቀ። «ዛሬ አለቀ!» አለች።

በዚህ መሀል ከታች፣ ከገደሉ በኩል፣ ጩኸት ሰማች። ጎርፍ በሞላው ወንዝ መሀል አንዲት ድንጋይ ላይ ትንሽ ጅብ ተንጠልጥላለች። የአያ ጅቦ ልጅ ናት። ይህችኛዋን እንኳ ቀበሮ አልላካትም፤ ስትጫወት ነው ጎርፉ የወሰዳት።

እመት አህያ ፊቷን ወደ ቋጥኙ መለሰች። «የጅብ ልጅ ናት» አለች ለራሷ። «ነገ አድጋ የኔኑ ልጅ ትበላለች። ደግሞስ አባቷ ሊበላኝ ቀን እየጠበቀ አይደል?» ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አደረገች።

«እማዬ!» አለች ትንሿ ጅብ ከታች።

የቸገረው ልጅ «እማዬ» ሲል የጅብም የአህያም ድምፅ አንድ ነው። እመት አህያ ቋጥኙን እንደተነቃነቀ ትታ ዳገቱን ቁልቁል ሮጠች። ጎርፉ ውስጥ ገባች። ልጅቷን በማጅራቷ ነክሳ ስታወጣት አንድ ግንድ መጥቶ እግሯን መታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማነከስ ሆነ እንጂ ዳገት መውጣት ቀረ። ቋጥኙም ባለበት ቀረ።

ሩፋኤል ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ዝናብ ለጉድ ነበር። ሁሉም ከተጠመቀ በኋላ አንበሳ ቦታውን ያዘ።

«አንዲት ዘለላ ሣር አልቀመስኩም!» አለ ቀበሮ፤ ተጨበጨበለት። «ረቡዕና ዓርብን ቀን ቀን ጾሜአለሁ!» አለ ጅብ እያዛጋ፤ ለእሱም ተጨበጨበለት። እመት አህያ እያነከሰች ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ቃሌን አልፈጸምኩም» አለች። «መንገዱ ቋጥኙ ላይ ቀርቷል። በማንም አላሳብብም። የፈጣሪን ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ በእልልታ ሰክሬ የገባሁት ቃል ነው።»

በጎቹ አለቀሱ። ጃርትም ቆቅም፣ «እኛን ስትረዳ ነው የዘገየችው፤ ይማሯት!» ብለው ወደቁ። አንበሳ አንገቱን ደፋ። «ደግነቷን ማን ካደ? የገባችው ቃል ግን መንገድ ነበር። ሕጉን ዛሬ ለወደድኳት ብሽረው ነገ ለጠላሁት ምን እላለሁ?» አለ። ድምፁ እንኳ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «ፀሐይ አልጠለቀችም?»

ያን ጊዜ ልጁ ከጉያው ሾልካ ወጣች። «አባዬ! ከጎርፉ ያወጣችኝ ያቻት!»

«እ? ጆሮዋ ረጅም ነው ብለሽኝ ጥንቸል መስላኝ ነበር እኮ! ያንን ብዬ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጥንቸል አልነካሁም!»

«አህያ ናት፣ አባዬ።»

ጅብ አህያዋን አየ። ልጁን አየ። መልሶ አህያዋን አየ። «ታዲያ… ጆሮዋን ብቻ?» አለ። ልጅቷ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ግን ምራቁን ዋጠው፤ ያን ያህል ትልቅ ነገር ውጦ አያውቅም። «ይሁን፣ ትቻታለሁ» አለ።

ቀበሮ ያ የጎመጀው ጉበት ከአፉ ሲወጣ ታየው። «ጅብ ቢተው ነብር አለ! ሕግ ሕግ ነው! መንገዱ ምንጩ ጋ አልደረሰም!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከኮረብታው ላይ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ቀና አሉ። አህያ ነቅንቃ የተወችውን ቋጥኝ፣ ቀኑን ሙሉ የወረደው ዝናብ ሥሩን አጥቦ ገፈተረው። ቋጥኙ ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ ከኋላው ታግዶ የኖረው የምንጩ ውኃም ተለቀቀ። ውኃው ዓመቱን ሙሉ አህያዋ በኮቴዋ ያጎደጎደችውን መንገድ ይዞ፣ እየተጠማዘዘ፣ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ በኋላ ጠርቶ ወረደና እግሯ ሥር መጥቶ ቆመ።

የዚያች በውኃ ጥም የሞተች በግ ልጅ ጎንበስ ብላ ጠጣች።

«ልጄ፣ መንገድሽ ምንጩ ጋ አልደረሰም» አለች ኤሊ። «ምንጩ ግን አንቺ ጋ ደረሰ።»

«የጨረሰችው እሷ አይደለችም!» አለ ቀበሮ።

«እውነቱን ነው፣ እኔ አልጨረስኩትም» አለች እመት አህያ። እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን ይስቃል። «እሱ ነው የጨረሰው።»

አንበሳም ተነሣ። «ወንዙና ምንጩ ይገናኙ ተብሎ ነበር፤ ተገናኝተዋል። እመት አህያ በጥላዬ ሥር ናት። አንተ ቀበሮ ግን የዘንድሮ ቃልህን እኔ ልምረጥልህ። ሣሩን እንዳሻህ ብላ፤ ሥጋን ነው የምትተወው።»

በጎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀበሮን ሣር ጋበዙት። እመት አህያም የዘመኑን ቃል እንድትገባ ተጠየቀች። ዓምና ልትል አስባ የተወችውን አስታወሰች። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» አለች አስቀድማ፣ «ለደከመ ሁሉ ጀርባዬን አልነፍግም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የዓመት ዕቅዳችንን «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብለን ብንጀምርና ለወደቀው ስንቆም የዘገየንበትን ጊዜ እንደ ባከነ ባንቆጥር፣ እኛ ሳንጨርስ የቀረነውን የሚጨርስ ጌታ እንዳለን ነው።