ቀለም የማይሸጥ የብዕር መደብር

አንዲት ሴት የአባቷን ብዕር በመሐረብ ጠቅልላ ከአዳማ አዲስ አበባ መጣች። ከሥራ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዳለች። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ለብዕሩ አዲስ ጫፍና አንድ ጠርሙስ ቀለም።

ለዚህ ብላ ይህን ሁሉ መንገድ? አዎ። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የዕቃ ግዢ ወሬ ይመስላችኋል።

አባቷን ጋሽ ዘነበን ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ተያዘ፣ ቀኝ እጃቸው ዛለ። አእምሯቸው ግን ደህና ነበር። በእስክሪብቶ ለመጻፍ ሞከሩ፤ እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም፣ እሳቸው ደግሞ መጫን አይችሉም። በስልክ ሞከሩ፤ ጣታቸው ፊደሉን ይስታል። አንድ ቀን ልጃቸው በጡረታ ሽኝታቸው ላይ መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን የቀለም ብዕር ከነጠርሙሱ ከመሳቢያ አወጣችላቸው። ይህ ብዕር ጉልበት አይፈልግም፤ ወረቀቱን ሲነካ ይጽፋል። የመጀመሪያው ቃላቸው፣ "ሾርባው ጨው የለውም" የሚል ነበር። ቤተሰቡ ሳቀም አለቀሰም።

ሦስት ሳምንት እየጻፉ ተናገሩ። መስኮቱን ዝጉ። ዜናውን ከፍ አድርጉ። ያቺ የምትጮህብኝ ሴት ማን ናት? እኔ እኮ አልደነቆርኩም።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። ጠያቂው ማነው? እንደ እኛ ያሉ የጉባኤ ሰዎች ናቸው። ብርቱካን ይዘው፣ ጁስ ይዘው፣ ስምንት ሆነው ገቡ። ጋሽ ዘነበ እየጻፉ ነበር፤ ማንም አላያቸውም። አንዲት እህት ለጁሱ ቦታ ልታገኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታነሣሣ ጠርሙሱም ብዕሩም ወደቁ። ቀለሙ ፈሰሰ። ብዕሩ ሲሚንቶው ላይ አርፎ ጫፉ ተሰነጠቀ።

"ውይ፣ በኢየሱስ ስም። አይዞዎት ጋሼ፣ ሌላ እስክሪብቶ እንገዛለን" አለች። ከዚያ ጸለዩና ወጡ።

ወረቀቱ ላይ የቀረው ይህ ነው፦ "ሉልሰገድን ጥሩልኝ። በዚያ ነገር እኔ"

እዚያ ላይ ቆሟል።

ጋሽ ሉልሰገድ ማን ናቸው? ከጋሽ ዘነበ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ያገለገሉ የልብ ጓደኛ ነበሩ። በአንድ ስብሰባ ላይ ተጣሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተቀምጠው፣ አንድ መዝሙር እየዘመሩ፣ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር ነው? አይመስለኝም።

እንግዲህ ልጅቷ መደብሩ ደረሰች። የብዕሩ ስም በሩ ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል፤ ብዕሮቹ በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ሻጯ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት።

"እንኳን ደህና መጡ እህቴ። ለምርቃት ነው ለሠርግ?"

"ለዚህ ጫፍ ፈልጌ ነው። ቀለምም።"

ሻጯ ብዕሩን አገላብጣ አየችው። "የእኛ ነው። ግን ጫፉን ለብቻው አናስመጣም።"

"ቀለሙስ?"

"ቀለምም የለንም።"

"የብዕር ሱቅ አይደላችሁ እንዴ?"

"ነን እንጂ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው የሚገዛው ለስጦታ ነው። ሦስት ዓመት ስሠራ ተመልሶ ቀለም የጠየቀኝ የለም። አዲሱን ይዩት፤ ስም እንቀርጽበታለን።"

"አዲሱ ቀለም አለው?"

"እሱ ለብቻው ነው።"

"ከየት ነው የሚገዛው?"

"ውጭ አገር ሰው የለዎትም?"

መርካቶም ወረደች። ያገኘችው የማኅተም ቀለም ነው፤ ለብዕር አይሆንም። ባዶ እጇን አዳማ ተመለሰች። አባቷ ከደጅ ስትገባ እጇን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ጋሽ ሉልሰገድ ተጠርተው መጡ። ቤቱ እንደ ልማዱ ሰው ሞልቶታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና የወዳጃቸውን እጅ ያዙ።

"ዘነበ፣ ወረቀቱን አሳይተውኛል። በዚያ ነገር ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው አይደል?"

ጋሽ ዘነበ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለም።

"ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።"

እንደገና ነቀነቁ። አይደለም።

"ደክሟቸዋል" አለ ከኋላ አንዱ። "እንጸልይ።"

ጸለዩ። ረጅም፣ ጥሩ ጸሎት ነበር። ጋሽ ዘነበ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

በዚያ ነገር እኔ ምን? አጥፍቻለሁ? አላጠፋሁም? እኔ ቀድሜ ይቅር ብያለሁ? ያልተናገርኩት ነገር አለ? ማንም አያውቅም። ጋሽ ሉልሰገድ ከቀብሩ በኋላ ልጅቷን ለብቻዋ ወስደው፣ "ልጄ፣ ምን ሊለኝ ነበር?" ብለው ጠየቋት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ባገኟት ቁጥር ይጠይቋታል።

ማርከር አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረ። ተማሪዎች የሚቀልሙበት ማርከር እንኳ ሳይጫኑት ይጽፋል፤ በየሱቁ አለ። ልጅቷ ይህ ትዝ ያላት ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የጎረቤት ሕፃን መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ ሥዕል ሲሥል ስታይ ነው። ለምን ቀድሞ አልታሰባትም? ለምን ለስምንቱ ጠያቂዎች አልታሰባቸውም? የጋሽ ዘነበ እጅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለማየት ያህል አጠገባቸው የተቀመጠ ስላልነበረ ነው። ሁሉም ዕቃ ያመጣል። ሁሉም ይናገራል። ሁሉም ይሄዳል።

በመደብሩ ላይ ልትፈርዱ ትችላላችሁ። እኔም ሳልፈርድ አልቀረሁም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ ከዚያ መደብር በምን እንሻላለን? በራችን ላይ የተጻፈው ስም ትልቅ ነው። ወንበሩ በወግ ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነው፣ እንኳን ደህና መጡ ማለት እናውቅበታለን። አንድ ሰው ግን አንዲት የጎደለችውን ነገር ይዞ ሲገባ፣ ያችን የለንም እንለዋለን፤ ወይም ያልጠየቀውን እንሰጠዋለን።

ባል፣ ሚስትህ "እኔ እኮ" ብላ ስትጀምር ስንቴ ጨረስክላት? እናት፣ ልጅሽ ሲንተባተብ ስንቴ "ገባኝ" አልሽው? ሽማግሌዎች፣ የተጣሉትን ስታስታርቁ ስንቱን ሰው ያልተናገረውን በደል ተናዘዘ ብላችሁ አጨበጨባችሁ? ይቅርታ እንኳ የሌላውን አፍ ዘግቶ ሲሰጥ በደል ይሆናል። ያ ሰው ሁለት ጊዜ "አይደለም" ብሎ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ፊት ብሎ ነበር።

እኔ ይህን የምላችሁ እንድታዝኑ አይደለም። ኀዘን ለጋሽ ዘነበ አይጠቅማቸውም።

ዛሬ ከሰዓት የምትጠይቁት ሰው አላችሁ፤ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሆናችሁ አትሂዱ። ብርቱካኑን ተዉት። አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ከዚያ ዝም በሉ፤ ቢዘገይም፣ ቢያሳፍርም፣ የምትሰሙት ነገር ባይጥማችሁም ዝም በሉ።

መልሱ ሳይመጣ ጸሎት አትጀምሩ።