የገብስማ ኮምፒውተርና ሦስቱ ተቆርቋሪዎች

ተረቴ ደጅ ቆማለች።
አስገቧትና ትቀመጥ።

በድሮ ጊዜ ነው። ድሮ ስላችሁ ያን ያህል ድሮ እንዳይመስላችሁ፤ መብራት የሚሄድበት ዘመን ነው። ያኔ እንስሳ ሁሉ አፍ ነበረው። ዕቃም ሁሉ አፍ ነበረው። ጆሮ ያለው ግን እምብዛም አልነበረም።

በአንድ መንደር ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። ገብስማ እንደ ሌሎቹ ዶሮዎች ጉድፍ ስትጭር አትውልም። ጸሐፊ ናታ! ኮምፒውተር አላት። በምንቃሯ ቆቅ ቆቅ ቆቅ እያደረገች ለመንደሩ ሁሉ ማመልከቻ ትጽፋለች። በሬ ቀንበር ከበደኝ ብሎ ሲከስ የምትጽፍለት እሷ፤ ውሻ ዘበኛ ልቀጠር ሲል የምትጽፍለት እሷ። የጻፈችለት ሁሉ እህል ያመጣላታል፤ በዚያ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። ባሏስ እንዳትሉኝ። ባሏ ጎህ ሲቀድ አንዴ ጮኾ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው አውራ ዶሮ ነው፤ እሱን እንተወው።

ኮምፒውተሩንማ አያያዟ! ዳንቴል አልብሳው፣ «ጋሼ» ብላ እየጠራችው፣ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በክንፏ እያራገፈችለት። አውራ ዶሮው እንኳ እንዲህ ተብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ገብስማ ወፍጮ ቤት ሄደች። ወረፋ ይዛ ቆማ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ወፍጮውም ቆመ፣ እሷም እዚያው ቆመች።

በዚያ መንደር መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሲመለስ ነው። ሲመለስ እንደ ተቆጣ ኮርማ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አቃጥሎ ያልፋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሁሉም የቤቱን ዕቃ ለማጥፋት ይሮጣል። የራሱን ሲጨርስ ደግሞ ወደ ጎረቤት ይሮጣል። አቤት ደግነት! እንዲህ ያለ መንደር የት ይገኛል?

መጀመሪያ እሜቴ በግ መጣች። «ውይ የገብስማ ዕቃ! ልጆቿን በምን ታሳድግ?» አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ጠቅ አደረገች። «ስትመጣ እነግራታለሁ፤ ትመርቀኛለች» ብላ ወጣች።

ቀጥሎ አያ አህያ መጣ። «እኔ ካልደረስኩላት ማን ይደርስላታል?» አለና መሬት ላይ የተጋደመችውን የመብራት ማከፋፈያ ቀይ ቁልፍ በሰኮናው ጠቅ አደረጋት። «ስትመጣ እነግራታለሁ፤ ታመሰግነኛለች» ብሎ ወጣ።

በሦስተኛ እመት ጦጢት መጣች። ጦጢት ኮምፒውተር የሚጠገንበት ቤት መስኮት ላይ ሙዝ ስትበላ ስለዋለች የተማረች ናት። እጇን ወደ ጋሼ ጀርባ ሰደደች፤ እዚያ ማንም የማያያት ትንሽ ማጥፊያ አለች፤ እሷን ጠቅ አደረገች። «ስትመጣ እነግራታለሁ፤ ትማርበታለች» ብላ ወጣች።

እንግዲህ ልብ በሉ። በጓ ስለ አህያው አታውቅም፤ አህያው ስለ በጓ አያውቅም፤ ጦጢት ደግሞ ከራሷ በቀር የሚያውቅ መኖሩንም አታውቅም።

መብራት መጣ። ገብስማም እህሏን አስፈጭታ መጣች። የጋሼን ቁልፍ ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። ዝም። ሦስተኛ በምንቃሯ ነቀለችው ማለት ይቀላል። ዝም!

«ኡኡ!» አለች፤ መንደሩ ተሸበረ። «ማነው ጋሼን የነካብኝ? የነካው እጁ ይሰበር!»

አይ ገብስማ! መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ መራገም ሲገባ። በግ እጅ ባይኖራትም የነበራትን ደበቀች። አህያ ሰኮናውን ሣር ውስጥ ሸጎጠ። ጦጢትማ በሁለት እጆቿ ላይ ተቀመጠች። ምርቃቱን ሊቀበሉ የነበሩት ሁሉ ድምፃቸው ጠፋ።

እሜቴ በግ ግን ሆዷ አላስቻላትም። በማግስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች።

«ምነው ገብስምዬ፣ ምን ሆንሽብኝ?»

«ጋሼ አልነሣ አለኝ፣ እሜቴ።»

«ዓይን ነዋ! እንዲህ ከበር ፊት ለፊት ገትረሽው! በይ ውሃ አምጪና እንርጨው።»

«ኮምፒውተር ላይ ውሃ?»

«በዙሪያው ነው እንጂ፤ ምን ታፈጥጫለሽ!»

ገብስማ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ፣ በግ ቶሎ ብላ የግድግዳውን ማጥፊያ ጠቅ አድርጋ አበራችው። ማጥፊያው አፍ አለውና ተናገረ፤ «በእኔ በኩል አልቋል፤ የሚቀጥለውን ጠይቁ።» ማን ሊሰማው?

ውሃው መጥቶ በዙሪያው ከተረጨ በኋላ፣ «በይ አሁን ተጫኚው» አለች በግ። ገብስማ ተጫነች። ዝም።

በግ በልቧ፣ «ተመስገን! እንግዲያው ጥፋቱ የኔ አይደለም» አለች። ግን ነካክታው ሄደች እንዳትባል ማጥፊያውን በስውር ጠቅ አድርጋ እንደነበረው መለሰችው። የሚገርም ጥንቃቄ!

ከሰዓት በኋላ አያ አህያ መጣ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር መመታት ያስፈልገው ይሆን?»

«ኧረ አያ አህያ፣ እኔንም ምታኝና እንረፍ!»

«እኔንስ ከተኛሁበት የሚያስነሣኝ ዱላ አይደል? እስኪ ዞር በይ፣ አንቺን እንዳልመታ።»

ገብስማ ዓይኗን ጨፍና ዞረች። አህያ ቀይዋን ቁልፍ ጠቅ አድርጎ አበራት። ማከፋፈያዋም፣ «በእኔ በኩል አልቋል፤ ከበላዬም ከበታቼም ያለውን ጠይቁ» አለች። አህያ ረጅም ጆሮውን ዝንብ ሊያባርርበት ወዘወዘው እንጂ አልሰማበትም።

ገብስማ ተጫነች። ዝም። አህያም፣ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ደስ እያለው ቀይዋን ጠቅ አድርጎ አጠፋትና ወጣ።

ጀንበር ሳትጠልቅ እመት ጦጢት መጣች። አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ጋሼን አንኳኩታ፣ አሽትታ።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለች።

«ይድናል?»

«እኔ ካየኋቸው የዳነ የለም።»

«ስንት አይተሻል እመት ጦጢት?»

«ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እስኪ ለማንኛውም ተጫኚው።» ይህን ስትል እጇ ጀርባው ደርሶ ነበር። ትንሿ ማጥፊያ ጠቅ ስትል፣ «በእኔ በኩል አልቋል፤ ከእኔ በፊት ያሉትን ጠይቁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ መጠኗ ነው።

ገብስማ ተጫነች። ዝም። ጦጢትም፣ «አላልኩሽም?» እያለች በስውር ጠቅ አድርጋ አጠፋችው።

ዳንቴሏ ከላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። «ሳይጠይቁኝ አልናገርም» ብላ በክብር ተዘርግታለች። እንዲህ ያሉ ጨዋዎችም አሉ፤ ቤት ሲቃጠል ካልተጋበዙ ውሃ የማያቀብሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመንገድ ጩኸት ተሰማ፤ «ልዋጭ! ልዋጭ! አሮጌ ብረት፣ የሞተ ሬዲዮ፣ የሞተ ኮምፒውተር!» አያ ጅቦ ነው። ጆንያውን በትከሻው፣ አረንጓዴ ሳፋ በራሱ። የሞተ ነገር ያለበት ቤት መቼም አይጠፋውም።

«እሜቴ ዶሮ፣ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እግዜር ያጽናሽ። በዚህ ሳፋ እለውጥሻለሁ።»

«ሳፋ ልጆቼን ያበላልኛል?»

«ባዶ ሆኖ አያበላም፤ አንቺ ሙዪው። ነገ ከመጣሁ ግን ሳፋውም የለም፤ ዛሬ ነው።»

ገብስማ ጫጩቶቿን አየች። ትናንት እህሉም ዱቄቱም አልቆባቸዋል። ያለ ጋሼ ነገ ጉድፍ ቤት ሄዳ ልትጭር ነው፤ ያቺ «ጸሐፊዋ» ስትባል አንገቷ የሚሰበቀው ገብስማ! ግን በግ ዓይን በልቶታል አለች፤ ጦጢትም ተቃጥሏል አለች። ሳፋም ቢሆን ሳፋ ነው።

«ውሰደው» አለች። «ግን ጎረቤቶቼ ይምጡና ይሰናበቱት። እንደ ውሻ ተጎትቶ አይወጣም።»

ተጠሩ፤ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ጅቦ ጆንያውን በጋሼ ራስ ላይ ሊያጠልቅ ሲል ለቅሶው ፈነዳ። የመንደራችሁን ለቅሶ ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ውድድር ይሆናል።

በግ ደረቷን እየመታች ጀመረች፤

«ወየው ጋሼ፣ ወየው ጋሼ!
እንዳትቃጠል ብዬ፣ መብራት የሄደ ቀን
የግድግዳውን ማጥፊያ የዘጋሁልህ እኔ ነኝ!»

አህያ ይህን ሲሰማ ቆጨው። በሐዘን ሊበለጥ? እርግማኑንም ረሳው።

«ዞር በይ አንቺ! ግድግዳ ምን ዋጋ አለው?
ቀይዋን ቁልፍ በዚች ሰኮናዬ
የረገጥኩልህ እኔ ነኝ፣ ጋሼ፣ ከሥርህ የነበርኩት!»

ጦጢት ፀጉሯን ነጨች።

«እናንተ ምን አላችሁና!
ጀርባውን ገብቼ፣ ማንም የማያውቃትን
ትንሿን ያጠፋሁለት እኔ፣ የተማርኩት!»

ጅቦም አለቀሰ። «ሳላውቀው አንጀቴን በላው» አለ።

ገብስማ ግን ማልቀስ አቆመች። አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ በአንድ ዓይኗ በግን አየች። ዞራ በሌላው ዓይኗ አህያን አየች። ከዚያ ጦጢትን በሁለቱም።

«ቆይ» አለች። «አንቺ የግድግዳውን። አንተ ቀይዋን። አንቺ የጀርባውን።»

ሦስቱም ወደ በሩ አፈገፈጉ። አሁን ነው እርግማኑ ትዝ ያላቸው።

«መልሳችሁ አብርታችሁት ታውቃላችሁ?»

«እኔማ አብርቼው ነበር» አለች በግ። «አልሠራም፤ መልሼ አጠፋሁት።»

«እኔም» አለ አህያ።

«እኔም» አለች ጦጢት፤ ይህኛውን ቀስ ብላ ነው።

«ሦስታችሁም በአንድ ላይ?»

ጅቦ እንኳ ግንባሩን መታ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም!»

«እጃችሁ ይሰበር ስትይ እኮ...» አለች በግ።

«እርግማኔን አንስቻለሁ! እንዲያውም እጃችሁ አሁን ይፈለጋል። አያ ጅቦ፣ ጆንያህን አንሣ። እናንተ፣ እጅ ወደየማጥፊያችሁ! አብርቶ የሚያጠፋ ግን ወየውለት!»

በግ ጠቅ። አህያ ጠቅ። ጦጢት ጠቅ። ግድግዳው፣ ማከፋፈያዋና ትንሿ በአንድ ድምፅ፣ «በእኛ በኩል አልቋል!» አሉ።

ገብስማ ምንቃሯን ሰንዝራ ተጫነች።

ሽ... አለ ከሆዱ። ቱ! አለ። ስክሪኑ በራ፤ ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፤ የበጓን እንባ አየ፤ የጅቦን ጆንያ አየ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለ።

ገብስማ ክንፏን ዘርግታ አቀፈችው። ጫጩቶቹ እልል አሉ። ጅቦ ሳፋውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ «የሰው እንባ ትጨርሳላችሁ!» እያለ ወጣ።

ሦስቱ ግን አልወጡም። «ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ከግድግዳ ነው የሚጀምረው» አለች በግ። «እኔ ነኝ፤ መካከል ባልኖር የት ያልፍ ነበር?» አለ አህያ። «መጨረሻ የነካሁት እኔ፤ ሳይንሱ እንደዚያ ነው» አለች ጦጢት። ምርቃት ፈልገው ተደርድረው ቆሙ።

ገብስማ ዞር ሳትል፣ «ሦስታችሁም ገደላችሁት፣ ሦስታችሁም አስነሣችሁት፤ ውለታችን ተቻችሏል» አለች። «አሁን ውጡልኝ፤ የበሬው ማመልከቻ ሦስት ቀን አልፎበታል።» ቆቅ ቆቅ ቆቅ።

እናንተም ጎረቤት ያላችሁ፣ ለጎረቤት ድረሱ፤ መልካም ነው። ግን ስትወጡ ምን እንዳደረጋችሁ ተናግራችሁ ውጡ። እናንተ ባለቤቶችም ሳትጠይቁ አትራገሙ፤ የሚናገረውን አፍ የምትዘጉት እናንተው ናችሁ። ተረቴ ይህን ብላ ተነሣች፤ ነጠላዋን አቀብሏት።

እጃችሁ የነካውን አፋችሁ ይናገር።